ከሳጥኑ በፊት መዝገቡ
ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ወሎ፣ ከቆቦ አካባቢ ነው። ጠያቂዋ የሠፈራቸው ቅሬ፣ ማለት በሌላው አገር እድር የሚባለው፣ ጸሐፊ ናቸው። የደብዳቤያቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የቀበሌያችን ምክር ቤት የተመረጠው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከአባላቱ ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ አገር ለቆ ሄዷል፤ የቀሩትም ተሰብስበው ካየናቸው ዓመታት አልፈዋል። ጦርነት ሲያበቃ ቶሎ ብሎ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ማድረግ ይሻላል ወይስ ሰው እስኪቋቋም መጠበቅ? በእርስ በርስ ጦርነት ያለፉ ሌሎች አገሮችስ ምን አደረጉ?»

የተከበሩ እኅቴ፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ምክንያቴን ከዚያ በኋላ አብራራለሁ። ምርጫው መደረግ አለበት። ቀበሌ በሹመት ብቻ ሲተዳደር በቆየ ቁጥር ጦርነቱን ያመጣው ቅሬታ መልሶ ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሳይለዩ የድምፅ መስጫ ሳጥን ቀድሞ ከመጣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። አንደኛው «የዚህ ቀበሌ ሰው ማን ነው?» የሚለው መዝገብ ነው። ሁለተኛው የሚመረጠው ምክር ቤት እጅ የሚገባው ገንዘብና ሥልጣን ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የአካባቢ አስተዳደር ሕግና በጀት ላይ ነው፤ ከጦርነት የወጡ አገሮችን የአካባቢ ምርጫ ስመረምር የተሳካላቸውም የተሰናከሉትም በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የቀኑ መቅረብና መራቅ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የአገር አቀፍ ምርጫና የቀበሌ ምርጫ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ በመራጩ ኑሮ ላይ ያላቸው ክብደት ለየቅል ነው። ለፓርላማ የሚወዳደረውን ሰው አብዛኛው መራጭ የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። ለቀበሌ የሚወዳደረው ግን እርሻው ከእርሻዎ የሚዋሰን፣ ሐዘንዎ ላይ የተቀመጠ ወይም ሳይመጣ የቀረ፣ ልጁ ጠመንጃ ይዞ የወጣ ወይም ልጁ በጠመንጃ የወደቀበት ሰው ነው። ቢሸነፍም በማግስቱ ገበያ ላይ ይገናኙታል። ካሸነፈ ደግሞ የሴፍቲ ኔትና የእርዳታ ስም ዝርዝር፣ መታወቂያ፣ የማዳበሪያ ተራ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ፣ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞች ሹመት በእርሱ ደጅ ያልፋል። ባሏ የሞተባት ሴት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ ቢጠፋባት ምስክርነት የሚሰጣት ወይም የሚነፍጋት ቀበሌው ነው። ከጦርነት ማግስት አንድ ሰው ከነቤተሰቡ መብላት አለመብላቱ በዚያች አንዲት ጽሕፈት ቤት ሊወሰን ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ምርጫ ነው፣ መለማመጃ ይሁነን» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ እጅግ እሰጋለሁ። ለመራጩ ከሁሉም የከበደው ምርጫ ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንሸሽግ እንነጋገር። ጦርነቱ ያፈረሰው ጤነኛ የነበረ ምክር ቤት አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ያለው ወንበርም ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በዚያም ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም.ም፣ ወንበሩን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የወሰደው የዚያን ጊዜው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ ከአጋሮቹ ጋር ነው። ወንበሩ በዛ፣ ውድድሩ ግን ጠፋ። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው ምርጫ ተራዘመ፣ ዳግመኛም ተራዘመ፤ ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤትም በቀድሞው ስም ቀጠለ። ጦርነቱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፤ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ሁለቱ ከተሞች በኅዳር ማብቂያ ቢመለሱም በነሐሴ 2014 የእናንተ ቆቦ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነች። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። የተዘረፉትን ቢሮዎች፣ የተቃጠሉትን መዝገቦች እናንተው ታውቋቸዋላችሁ። እንግዲህ «ወደ ነበረበት እንመልሰው» የሚል ዕቅድ አይበቃንም፤ የነበረውም እንደገና መታሰብ አለበት።

አሁን ወደ ሌሎቹ አገሮች ልሂድ፤ የዘመን አቆጣጠሩ በእነርሱ ነው።

ለእኛ እጅግ የሚቀርብ የሚመስለኝ የሴራሊዮን ታሪክ ነው። እዚያ የተመረጡ የአካባቢ ምክር ቤቶች በ1972 ተበተኑ፤ ከዚያ በኋላ ወረዳዎቹን ከዋና ከተማዋ ከፍሪታውን የሚሾሙ ኮሚቴዎች ያዟቸው። በገጠሩ ደግሞ ባላባቶቹ፣ ማለት በእኛ አገር ቋንቋ የጎሣ አለቆች ልንላቸው የምንችላቸው፣ እስከ ዕድሜ ልካቸው ይገዛሉ። ወጣቱ በአለቃው ችሎት የሚጣልበት መቀጮና ያለ ክፍያ የሚታዘዘው ጉልበት ከመንደሩ አስመርሮ አስወጣው። ጦርነቱ በ1991 ሲጀመር ብዙ ወጣት ወደ ጫካ የገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ምሬት መሆኑን ካጠኑት ብዙዎቹ የሚመሰክሩት ነው። ጦርነቱ ማብቃቱ የታወጀው በጥር 2002 ነው። በግንቦት 2002 አገር አቀፉን ምርጫ አደረጉ፤ የአካባቢውን ግን ሁለት ዓመት አቆዩት። ልብ ይበሉ፣ ሁለቱን ዓመታት በከንቱ አላሳለፏቸውም። አዲስ የአካባቢ መንግሥት ሕግ አወጡ፤ 19 ምክር ቤቶች እንዲኖሩ፣ እያንዳንዱ ምን ሥራ ከማዕከል እንደሚረከብና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሰው በሕጉ ተጻፈ። ምርጫው የተደረገው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 2004 ነው፤ ከ32 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዲሶቹ ምክር ቤቶች ሥራ እንደጀመሩ በ100 ቀን ውስጥ ሕዝብ የሚያየው አንድ ትንሽ ሥራ ሠርተው እንዲያሳዩ ገንዘብ ተሰጣቸው። መንገድ መጠገን፣ ገበያ ማደስ የመሳሰለ ነው። ድምፁን የሰጠ ሰው በሦስት ወር ውስጥ የድምፁን ፍሬ ባይኑ አየ።

ከዚያ ሕግ አንድ ነገር ብቻ ቀድቼ ላምጣ ብባል የምመርጠው የታችኛውን ኮሚቴ ነው። እያንዳንዱ የምርጫ ቀጣና ሕዝቡ በአደባባይ ስብሰባ የሚመርጣቸው እስከ 10 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነበረው፤ ከእነርሱም ቢያንስ 5ቱ ሴቶች እንዲሆኑ ሕጉ ያስገድድ ነበር። አለቃውም አብሮ ይቀመጥ ነበር። የተመረጠው ተወካይ ከተማ ሄዶ እንዳይቀር ከታች የሚጠይቀው ሰው ነበረው ማለት ነው።

ጉድለቱንም ልንገርዎ። በአገሪቱ የነበሩት 149 የአለቃ ግዛቶች ሳይነኩ ቀሩ፤ የአካባቢውን ግብር የሚሰበስቡት እነርሱ ሲሆኑ ከሰበሰቡት ለምክር ቤቱ ድርሻ መስጠት ነበረባቸው። ምን ያህል? መቼ? በዚህ ላይ የተነሣው ጭቅጭቅ ለዓመታት አልበረደም። አንዱን ገበያ ሁለት ባለሥልጣን ሲቀርጠው ነጋዴዋ ለሁለቱም ትከፍላለች ወይም ለሁለቱም ትከለክላለች። ማን ምን እንደሚሰበስብ ከምርጫው በፊት በጽሑፍ ካልተለየ ምርጫው አዲስ ጠብ ይወልዳል።

ሞዛምቢክን ባጭሩ ላንሣ። የሰላም ስምምነቱ በ1992 ሮም ላይ ተፈረመ፣ አገር አቀፍ ምርጫ በ1994 ተደረገ፤ የመጀመሪያው የከተሞች ምርጫ የተደረገው በ1998 በ33 ከተሞች ብቻ ነው። ቀድሞ የሚዋጋው ወገን፣ ሬናሞ፣ ምዝገባውን አላምነውም ብሎ ራሱን አገለለ። ድምፅ የሰጠው ሰው ከተመዝጋቢው 15 በመቶ ገደማ ነበር። በሁለተኛው ዙር፣ በ2003፣ ሬናሞ ሲገባበት ቤይራን የመሰለች ትልቅ የወደብ ከተማ አሸነፈ፤ ከተማዋንም በሰላም ተረከበ። ትናንት ለተዋጋህ ሰው ከተማ በምርጫ ማስረከብ እንደሚቻል ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ዙር የባከነው በመዝገቡ ላይ መተማመን ስላልነበረ ነው።

የመዝገብን ነገር ካነሣሁ ቦስኒያ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት አለብኝ፤ የተፈናቃይ ጥያቄ እንደዚያ ተፈትኖ የታየበት ቦታ የለምና።

በቦስኒያ ጦርነቱ በ1995 መጨረሻ በዴይተን ስምምነት ቆመ። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። አገር አቀፉ ምርጫ በመስከረም 1996 ሲደረግ የከተሞቹም በዚያው ቀን እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን የከተሞቹ ምርጫ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱ አንዲት ቅጽ ናት። በመሠረቱ ተፈናቃይ ድምፁ የሚቆጠርለት በ1991 በሕዝብ ቆጠራ በተመዘገበበት ከተማ ነበር። ያቺ ቅጽ ግን «ወደፊት ልኖርበት ያሰብኩት ከተማ ይህ ነው» ብሎ እዚያ መመዝገብን ፈቀደች። በየወገኑ ያሉ ባለሥልጣናት ተፈናቃዮቻቸውን ሰብስበው በጦርነት ወደ ያዟቸው ከተሞች አስመዘገቧቸው፤ እንዲመዘገቡም መጠለያና እርዳታን መያዣ አደረጉ። ጠመንጃ የጀመረውን የሕዝብ ማፈናቀል የምርጫ ካርድ ሊያጸድቀው ነበር። ምርጫውን የሚመሩት ይህን አይተው ማስቆማቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የተደረገው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1997፣ ያ ቀዳዳ ከጠበበ በኋላ ነው።

ከዚያስ? ስሬብሬኒጻን እናንሣ። በሐምሌ 1995 ከ8 ሺህ በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች የተገደሉባት ከተማ ናት። በ1997 ከዚያ የተባረሩት ሰዎች ከሩቅ ሆነው ድምፃቸውን ሰጡ፣ የምክር ቤቱንም አብላጫ ወንበር አሸነፉ። በወረቀት ፍትሕ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ያሸነፉት ሰዎች በከተማቸው በሰላም ውለው ማደር አይችሉም ነበርና ምክር ቤቱ ሥራ መሥራት አልቻለም። ድርቫር በምትባል ሌላ ከተማ ደግሞ የተፈናቀሉት ሰርቦች ነበሩ፤ እነርሱም በዚያው ምርጫ አሸነፉ፣ ወደ ከተማቸውም መመለስ ጀመሩ፤ በሚያዝያ 1998 ሁከት ተነሥቶ የተመረጠው ከንቲባ ተደበደበ፣ ተመላሾቹም እንደገና ወጡ። እንግዲህ ተፈናቃይ በቀድሞ ቀየው ድምፁ እንዲቆጠር ማድረግ ትክክል ነው፤ እግሩ ሳይመለስ ድምፁ ብቻ ከተመለሰ ግን የተመረጠው ምክር ቤት ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው ቤት ነው። መንገዱና መግቢያው የሚጠበቅበት ዝግጅት ከምርጫው ጋር እኩል መታቀድ ነበረበት።

የኔፓልን ነገር የማመጣው ለመጠበቅ ለሚያደሉ ሰዎች ስል ነው። ጦርነታቸው ከ1996 እስከ 2006 ቆየ። የአካባቢ ምክር ቤቶቹ ዘመናቸው በ2002 አበቃ፤ የሚተካቸው ምርጫ የተደረገው በ2017 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! በመካከሉ መንደሮቹን የያዙት ከማዕከል የተላኩ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ በኋላም «የሁሉም ፓርቲዎች ኮሚቴ» የሚባል ተጨመረላቸው። ሐሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ነገር ግን ኮሚቴው የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም፣ ያልመረጠው ሕዝብም ሊያወርደው አይችልም፤ የፓርቲ ሰዎቹ የመንደሩን በጀት ለየወገናቸው ይከፋፈሉት ጀመር፤ በ2012 በሙስና ምክንያት ፈረሰ። «ሰው እስኪቋቋም እንጠብቅ» የሚለው ሐሳብ የሚያሰጋኝ በዚህ ነው። በመጠበቂያው ዘመን ወንበሩ ባዶ አይሆንም፤ አንድ ሰው ይቀመጥበታል፣ ከተቀመጠም መነሣት አይፈልግም።

በ2017 ግን ኔፓሎች አኮሩኝ። ምርጫውን በአንድ ቀን እናድርገው ብለው አልተጨነቁም፤ ጸጥታው በተሻለበት ጀምረው በሦስት ዙር ጨረሱት። 753 የአካባቢ መስተዳድሮችን መረጡ። በእያንዳንዱ ቀጣና ከሚመረጡት 4 አባላት 2ቱ ሴቶች፣ ከሁለቱም አንዷ ዳሊት ከሚባለው ለዘመናት ከተገፋው ወገን እንድትሆን ሕጉ አዘዘ። ፓርቲዎች ለሊቀ መንበርነትና ለምክትልነት ሲያቀርቡ ከሁለቱ አንዱን ሴት ማድረግ ነበረባቸው። ከ14 ሺህ በላይ ሴቶች ተመረጡ። እርግጥ ፓርቲዎቹ ዋናውን ወንበር ለወንዶች፣ ምክትሉን ለሴቶች ሰጡ። ቢሆንም የአካባቢውን የፍትሕ ኮሚቴ የምትመራው ምክትሏ እንድትሆን ሕጉ ስለደነገገ፣ የድንበርና የትዳር ጠብ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚቆመው በእርሷ ፊት ሆነ።

እንግዲህ ወደ ወሎ እንመለስ።

በመጀመሪያ ደረጃ በሰሜን ወሎ አሁን ባለው ሁኔታ፣ ጠመንጃው ሳይበርድ፣ የቀበሌ ምርጫ ይደረግ ቢባል አልደግፍም። ዕጩ መሆን ሞትን መጋበዝ በሆነበት ቀበሌ የሚወዳደረው ጠባቂ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሲረጋ ደግሞ መላው ክልል እኩል እስኪረጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኔፓልን መንገድ ተከትሎ ከረጋው ወረዳ መጀመር ይቻላል።

እስከዚያ ቀበሌውን ማን ይያዝ ለሚለው፣ ጊዜያዊ ጉባኤ መኖሩ አይቀርም። እኔ የምመክረው የሚያበቃበት ቀን በአዋጅ የተጻፈለት፣ መሬት የማከፋፈልና ይዞታ የማዛወር ሥልጣን የሌለው፣ ከየቅሬው በተወከሉ ሰዎች የተዋቀረ ጉባኤ ነው። ቅሬን ያነሣሁት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት፣ በጦርነቱም ጊዜ ሬሳ ማንሣት ያላቆመ ተቋም ስለሆነ ነው። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የቅሬ ዳኞች፣ ማለት መሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ በጦርነቱ ቤት መምራት የወደቀባቸው ሴቶች ከጉባኤው ግማሹን ወንበር ካልያዙ ጉባኤው ቀበሌውን አይመስልም። በጉባኤው የተቀመጠ ሰውም በሚከተለው ምርጫ ዕጩ አይሁን። ቅሬ የፓርቲ በር ከሆነ ቀብር ላይ መገናኘት ያቅተናል።

የተፈናቃዩን ጉዳይ በተመለከተ፣ የምርጫ ሕጋችን መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ በሰላም ጊዜ ተገቢ ደንብ ነው። ደብረ ብርሃን መጠለያ ላይ ሦስት ዓመት ለቆየ የወሎ ሰው ግን እንደ ቃሉ ከተተረጎመ ከቀየው ይቆርጠዋል። ምርጫ ቦርድ ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ማቋቋም ይችላል፤ ለአካባቢ ምክር ቤት ሲሆን ድምፁ የሚቆጠረው ለቀድሞ ቀበሌው እንዲሆን በግልጽ መደንገግ አለበት። ለመቆየት የወሰነ ካለ የአዲሱ ቀበሌ ሰው ሆኖ የመመዝገብ መብቱ ይጠበቅለት፤ ምርጫው ግን የራሱ ይሁን፣ የእርዳታ ካርዱን በያዘ ሰው ግፊት አይሁን። ቦስኒያ ላይ ቀዳዳው በዚያ በኩል ነው የተከፈተው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ «በወረራው ጊዜ ማን ከማን ጋር ነበር» የሚለው ክስ ነው። የቆየው የሸሸውን «ትቶን ሄደ» ይለዋል፤ የሸሸው የቆየውን «አብሮ በላ» ይለዋል። እናት ለልጇ ጨው ፍለጋ የሄደችበት ቦታ እንኳን ክስ ሲሆን ሰምቻለሁ። ይህ ክስ የዕጩ ማጣሪያ ከሆነ በቀበሌው የሚቀር ንጹሕ ሰው የለም። ፍርድ ቤት ያልፈረደበት ሰው ከዕጩነት መከልከል የለበትም። ደም ያለበት ጉዳይ ደግሞ የዕጩዎች ስም ከመለጠፉ በፊት አብጋሮች በሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች በኩል ይታይ፤ ወሎ ደም የማድረቅ ሥርዓት አላት፣ ያንን ሥራ ድምፅ መስጫ ሳጥን ሊሠራላት አይችልም። ወንጀሉ ከባድ ከሆነ የፍርድ ቤት ነው፤ እርቅ ክስን አይተካም።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለወረዳዎች በጥቅል የሚሰጠው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ተመራጩ ምክር ቤት የሚወስንበት ነገር ከሌለው ሕዝቡ በሁለተኛው ዓመት ይተወዋል። ለመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ለአንድ የሚታይ ሥራ የሚበቃ ገንዘብ ከክልሉ ከምርጫው ቀን በፊት ይመደብ። የአባላቱም ቁጥር ይቀነስ፤ ለ300 ሰው ወንበር ከማብዛት 30 ሰው በየወሩ የሚሰበሰብበት ምክር ቤት ይሻለናል።

በነገራችን ላይ፣ ሰሜን ወሎና ደቡብ ወሎ በዞን ደረጃ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም፤ ጎረቤቶቻችን የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች ግን አላቸው። ወልድያ ላይ የሚወሰነውን ነገር የሚጠይቅ ተመራጭ ከሌለ የወረዳ ተመራጮች አቤት የሚሉት ለተሿሚ ነው። ይህም ቢሆን ውይይት ይገባዋል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላልና።

በመጨረሻ ለእርስዎ ለራስዎ፣ ዛሬ ከእጅዎ ስላለው ሥራ። የቅሬዎን መዝገብ ያድሱ። እያንዳንዱን አባወራና እማወራ በስሙ ይጻፉ፤ የሞተውን፣ የሄደውን፣ የሄደበትን ቦታ፣ የሚገኝበትን ስልክ። ባሏ የሞተባትን በራሷ ስም ይጻፏት፣ «የእገሌ ሚስት» ብለው አይለፏት። ደብተሯ የጠፋባትን ሴት የእርሻ ወሰን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ከስሟ አጠገብ ይፈርሙላት። ማን ከማን ጋር እንደነበር፣ ማን መሣሪያ እንዳለው፣ የማን ልጅ ጫካ እንደገባ ግን በዚያ መዝገብ ላይ አንድ መስመር እንኳን አይጻፉ፤ የስም ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ሲገባ ሰው ያስገድላል። ሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንዱ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሁለተኛውን ለመስጊዱ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በአደራ ይስጡ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ተዘርፏልና ከዚያ አያኑሩት።